ከ50 ማይል በኋላ ጀርባሽን ጠይቂ

አጎት ዋሽንግተን ዲሲ ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ኖረው ጡረታ ከወጡ በኋላ አሌክሳንድሪያ የተቀመጡ ሰው ናቸው። የእህታቸው ልጅ ዲሲ በሚገኝ ሆስፒታል ላብራቶሪ ውስጥ ትሠራለች። የቤት ኪራይ ሲበረታባት ወደ ፍሬድሪክስበርግ ወጥታለች፤ በየቀኑ በአይ-95 ወደ 50 ማይል ሄዳ ያንኑ ትመለሳለች። መኪናዋ ስላረጀ ሃይብሪድ ልትገዛ አስባ ልታማክራቸው መጥታለች።

የእህት ልጅ፦ ጋሼ፣ እኔስ ጨርሼ ነው የመጣሁት። አዲሱን ፕሪየስ ልገዛ ነው። ያላየሁት የለም፤ በጋሎን 57 ማይል የሚሄድ ከእሱ ሌላ አላገኘሁም።

አጎት፦ 57 የሚሄደው ኤልኢ የሚባለው፣ ትንሹን ጎማ የያዘው ነው። ጎበዝ መኪና ነው፤ እኔም በፕሪየስ ስንት ዓመት እንጀራ በልቻለሁ። ግን ከመወሰንሽ በፊት አንድ ሒሳብ እንሥራ። በዓመት ስንት ማይል ትነጂያለሽ?

የእህት ልጅ፦ በቀን 100፣ በሳምንት 500። የዕረፍት ጊዜዬ ሲቀነስ በዓመት 25 ሺ ማይል ይሆናል።

አጎት፦ ስልክሽን አውጪና አካፍይልኝ። ያሁኗ መኪናሽ በጋሎን 25 ማይል ነው የምትሄደው። ስንት ጋሎን ትጠጣለች?

የእህት ልጅ፦ አንድ ሺ ጋሎን።

አጎት፦ በጋሎን 50 የሚሄደውስ?

የእህት ልጅ፦ 500።

አጎት፦ 57 የሚሄደው?

የእህት ልጅ፦ 439 ገደማ።

አጎት፦ ልብ ብለሽ እይው እንግዲህ። ከ25 ወደ 50 ስትዘይ 500 ጋሎን ቀረልሽ። ጋሎኑን 3 ዶላር ብንለው 1,500 ዶላር ነው። ከ50 ወደ 57 ስትዘይ የቀረልሽ ግን 61 ጋሎን፣ 183 ዶላር ነው። በሳምንት 4 ዶላር አይሞላም። ቁጥሩ ከፍ እያለ በሄደ መጠን የሚጨመረው ማይል የሚያተርፍልሽ እያነሰ ይመጣል። ሻጩ በማይል ሲያወራሽ አንቺ በልብሽ በጋሎን ቁጠሪ።

የእህት ልጅ፦ 183 ዶላር እኮ ለእኔ ትንሽ አይደለም። ለእማማ የምልከው አለ፣ የትምህርት ቤት ብድር አለብኝ።

አጎት፦ ናቅኩት አልወጣኝም። ያንን ገንዘብ በምን እንደምትለውጪው እወቂ ነው የምልሽ። መንገዱ ደህና በሆነበት ቀን እንኳ ሁለት ሰዓት ተኩል መሪ ትጨብጫለሽ። በሳምንት ከ12 ሰዓት በላይ ነው፤ ከሥራ ቀንሽ አንድ ሙሉ ቀን ተኩል ማለት ነው። ወንበሩ ካልተመቸሽ በሳምንት 4 ዶላር ተከፍሎሽ 12 ሰዓት ስትቆረጠሚ ልትኖሪ ነው። እኔ በዚህ ዋጋ አልስማማም። ጀርባሽ ከተበላሸ ደግሞ ለሐኪም የምትከፍይው ከዚህ ሁሉ ይበልጣል።

የእህት ልጅ፦ አንድ ጓደኛዬ ደግሞ ጭራሽ ሃይብሪድ ለከተማ እንጂ ለሃይዌይ አይረባም አለኝ። በከንቱ ነው ገንዘብሽን የምታወጪው ብሎኛል።

አጎት፦ ግማሹ እውነት ነው። ከተማ ውስጥ ፍሬን በያዝሽ ቁጥር፣ ሌላው መኪና ሙቀት አድርጎ አየር ላይ የሚበትነውን ጉልበት ሃይብሪድ ወደ ባትሪ ይመልሰዋል። ሃይዌይ ላይ ፍሬን ካልያዝሽ የሚመለስ ነገር የለም። እዚያ የሚጠቅምሽ ራሱ የቤንዚን ሞተሩ ነው። የሃይብሪድ ሞተር አትኪንሰን በሚባል አሠራር የተቃኘ ነው፤ አየር የሚያስገባው ቫልቭ ዘግየት ብሎ ይዘጋል። ስለዚህ የሚታመቀው አየር ያንሳል፣ የተቃጠለው ጋዝ ግን ፒስተኑን እስከ ጫፍ ድረስ ይገፋዋል። ከዚያችው ቤንዚን ተጨማሪ ሥራ ይወጣል። ቶዮታ ካምሪ ላይ ያደረገው 2.5 ሊትር ሞተር ከነዳጁ ሙቀት እስከ 41 በመቶ የሚሆነውን ወደ ጉልበት ይለውጣል፤ ለቤንዚን ሞተር ይህ ትልቅ ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሞተር ብቻውን ቢሆን ሲነሳ ይንቀራፈፋል። መነሻው ላይ ኤሌክትሪኩ ያግዘዋል።

የእህት ልጅ፦ ስለዚህ ለሃይዌይም ይሆናል።

አጎት፦ ይሆናል። ደግሞስ አይ-95ን ሃይዌይ ብለሽ ነው? ኦኮኳን ወንዝ ድልድይ ጋ ስትደርሺ ስንት ቀን ነው የምትቆሚው? እዚያ ስትጎተቺ ሞተሩ ጠፍቶ በባትሪ ትንፏቀቂያለሽ። አንቺ የምትነጂው ግማሹ ሃይዌይ፣ ግማሹ ከተማ ነው።

የእህት ልጅ፦ ሁሉም ሃይብሪድ አሠራሩ አንድ ነው እንዴ?

አጎት፦ አይደለም፤ ሃይዌይ ላይ የሚለያዩትም በዚሁ ነው። ቶዮታ ሁለት የኤሌክትሪክ ሞተሮችን ከቤንዚን ሞተሩ ጋር በጥርስ አገናኝቶ ነው የሚሠራው። እንደ ድሮው ሞተሪኖና ዲናሞ የሉትም፤ የእነሱን ሥራ እነዚያው ሞተሮች ደርበው ይሠራሉ። የሚላላ ቺንጊያ የለ፣ የሚበላ ፍሪሲዮን የለ። የታክሲ ሰው የወደደው ለዚህ ነው። ሆንዳ ሌላ መንገድ ሄደ፤ ዝግ ብለሽ ስትሄጂ የቤንዚን ሞተሩ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፣ ጎማውን የሚያዞረው ኤሌክትሪኩ ነው። ሃይዌይ ላይ ስትዘረጊው ግን ፍሪሲዮኑ ይቆልፍና ሞተሩ ራሱ ጎማውን ያዞራል። ሃዩንዳይ ደግሞ ስድስት ማርሽ ያለውን የተለመደ አውቶማቲክ ካምቢዮ ይዞ ነው የቀጠለው። ሶናታ ሃይብሪድ ከተማ ውስጥ 44፣ ሃይዌይ ላይ 51 ተብሎ ነው የተለካው። ከከተማ ይልቅ ሃይዌይ የሚሻለው ሃይብሪድ ብዙ አታገኚም።

የእህት ልጅ፦ እሱን ጭራሽ አላሰብኩትም ነበር። ከእኛ ሰዎች ብዙ ሲይዘው አላየሁም።

አጎት፦ እኛ ሰው ያልያዘውን መኪና እንፈራለን። ስንሸጠው ማን ይገዛናል ብለን ነው፤ ደግሞም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቶዮታና ሆንዳ ዋጋቸውን ይዘው ይቆያሉ። ግን ሳትነጂው አትለፊው።

የእህት ልጅ፦ እርስዎ ፕሪየስ የያዙት መቼ ነበር?

አጎት፦ እ.ኤ.አ. 2008 ነው ነገሩ የተለወጠው። በዚያ ዓመት የዲሲ ታክሲ ክፍያ ከዞን ወጥቶ በሜትር ሆነ። በዚያው በጋ ቤንዚን በጋሎን ከ4 ዶላር በላይ ወጣ። ብዙዎቻችን የያዝነው ክራውን ቪክቶሪያ ነበር፤ ከተማ ውስጥ በጋሎን 15 ማይል። ጠዋት ወጥተሽ እስከ ምሳ ድረስ የምትሠሪው ለማደያው ነበር። እንግዲህ አንድ በአንድ ወደ ፕሪየስ ዞርን። የዚያን ጊዜው ፕሪየስ 46 ይሄዳል፤ ሦስት እጥፍ በለው። ቤት የገዛ አለ በዚያ ገንዘብ፣ ልጅ ያስተማረ አለ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ክራውን ቪክቶሪያን እያማሁት ወንበሩን ግን እስከ ዛሬ እናፍቀዋለሁ። ሰፊ፣ ለስላሳ፣ ጭንሽን እስከ ጉልበትሽ ድረስ የሚይዝ ነበር። አሥራ ሁለት ሰዓት ተቀምጬበት ስወርድ ቀጥ ብዬ እሄዳለሁ። ሾፌር ስለ ነዳጅ ብዙ ያወራል፤ ስለ ወገቡ ግን ሲታመም ብቻ ነው የሚያወራው። ስንቱን ጓደኛዬን በዚህ አውቀዋለሁ።

የእህት ልጅ፦ እኔ እንዲያውም ከፍ ያለ መኪና ነበር የምወደው። ራቭ4 ሃይብሪድ። ወጥቼ ስቀመጥ መንገዱ ይታየኛል።

አጎት፦ እስከ 2025 ሞዴል ያለው ራቭ4 ሃይብሪድ 40 ነው፤ የሃይዌዩ 38። በዓመት 625 ጋሎን ይሆናል። ከ50ው በ125 ጋሎን፣ በ375 ዶላር ይበልጣል። የሚበልጥበትም ምክንያት አየሩን የሚገፋው ግንባሩ ሰፊ ስለሆነ ነው። ልጆች ቢኖሩሽ፣ ዕቃ የምትጭኚ ቢሆን፣ በረዶ የሚበዛበት ተራራ ላይ ብትኖሪ ውሰጂው እልሽ ነበር። አንቺ ግን ብቻሽን ነሽ፣ መንገድሽም ጥርጊያ አስፋልት ነው።

የእህት ልጅ፦ አየሩ ይህን ያህል ለውጥ ያመጣል?

አጎት፦ በአንቺ መንገድ ዋናው እሱ ነው። የአየሩ ግፊት ከፍጥነቱ ጋር እኩል አይጨምርም፤ ፍጥነትሽ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ከ60 ወደ 75 ስትወጪ አየሩ የሚይዝሽ ከግማሽ በላይ ጨምሮ ነው። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው የሃይዌይ ቁጥር መንገዱን ሁሉ በ75 ለሚበር ሰው የተለካ አይደለም። 50 ማይሉን በ65 ብትሄጂው 46 ደቂቃ ነው፤ በ75 ደግሞ 40 ደቂቃ። ለስድስት ደቂቃ ብለሽ ከፕሪየስና ከካምሪ ልዩነት የሚበልጥ ነዳጅ ልታቃጥይ ትችያለሽ። ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ከ85 ካለፍሽ ተራ ቅጣት መሆኑ ይቀራል፤ የወንጀል ክስ ነው፣ ዳኛ ፊት ትቆሚያለሽ።

የእህት ልጅ፦ እሺ፣ 50 አካባቢ ያሉትን ይቁጠሩልኝ።

አጎት፦ ካምሪ ከ2025 ሞዴል ጀምሮ ሃይብሪድ ብቻ ሆኖ ነው የሚመጣው፤ ኤልኢው 51 ነው። አኮርድ ሃይብሪድ ኢኤክስ-ኤል የሚባለው 48። ሲቪክ ሃይብሪድ 49። ኮሮላ ሃይብሪድ 50፣ ግን ለአንቺ መንገድ ጠባብና ጫጫታ ይሆንብሻል ብዬ እፈራለሁ። ሶናታውን ነግሬሻለሁ። ከእነዚህ ውስጥ የትኛውንም ብትወስጂ ከፕሪየሱ ጋር ያለው ልዩነት በዓመት ከመቶ ጋሎን በታች ነው።

የእህት ልጅ፦ ሌክሰስስ? አንዴ ከአንድ ሰው ጋር ተሳፍሬ ድምፁ እንኳ አይሰማም።

አጎት፦ ኢኤስ 300ኤች 44 ነው። ከፕሪየሱ በዓመት 130 ጋሎን ያህል፣ 390 ዶላር ይበልጣል። ጸጥታውን በተመለከተ ልክ ነሽ፤ ከእነዚህ ሁሉ የሚስተካከለው የለም። አዲሱን ግን አልመክርሽም፤ ዋጋው ከ40 ሺ ዶላር በላይ ነው፣ ያ ልዩነት የስንት ዓመት ነዳጅ ነው። ጥቂት ዓመት ያገለገለ፣ የአገልግሎት ወረቀቱ የተሟላ ካገኘሽ ግን አስቢበት።

የእህት ልጅ፦ ቅድም ፕሪየሱ ላይ ትንሹን ጎማ የያዘው ብለው ነበር። ጎማው ምን አገናኘው?

አጎት፦ ጎማው ብዙ ነገር ነው፤ ሰው ግን ለማማሩ ብቻ ነው የሚያየው። ፕሪየስ ኤልኢ 17 ኢንች ቸርኬ ይዞ 57 ይሄዳል። ከእሱ በላይ ያሉት ባለ 19 ኢንች ሆነው 52 ይሄዳሉ። ያው መኪና፣ ያው ሞተር። አኮርዱም እንዲሁ ነው፤ ባለ 17ቱ 48፣ ባለ 19ኙ 44። ካምሪም ኤልኢው 16 ኢንች ይዞ 51 ሲሄድ ሌሎቹ ወደ 47 ይወርዳሉ። ነዳጁ ብቻ አይደለም። ቸርኬው ሲተልቅ የጎማው ላስቲክ ይሳሳል፤ ጉድጓዱን የሚውጥልሽ ላስቲኩ ውስጥ ያለው አየር ነበር፣ አሁን ግን በቀጥታ ወገብሽ ላይ ያርፋል። ድምፁም ይጨምራል። ጎማ ስትቀይሪም ዋጋው ይወደዳል፤ 25 ሺ ማይል ለሚነዳ ሰው ደግሞ ጎማ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያልቀው። እዚህ ላይ ርካሹን ስትገዢ የተሻለውን ነው የምትገዢው፤ ብዙ ጊዜ የማይገኝ ነገር ነው።

የእህት ልጅ፦ ይሄን ሻጩ አልነገረኝም።

አጎት፦ ባለ ትልቁን ነው መሸጥ የሚፈልገው። አሁን ወደ ወንበሩ እንምጣ። ስትገቢ መጀመሪያ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ አታንቀሳቅሽው። ከፍ አድርጊው፣ ዝቅ አድርጊው፣ የፊት ጫፉ ጭንሽን ይደግፍ እንደሆነ እይ። ጉልበትሽና ወንበሩ ጫፍ መካከል ሁለት ጣት ከገባ ይበቃል፤ ክፍተቱ መዳፍሽን ሙሉ ከዋጠ ግን ጭንሽ ተንጠልጥሎ ነው የሚውለው። የወገብ ድጋፉ የሚስተካከል መሆኑን ጠይቂ፤ በርካሾቹ ላይ አንዳንዴ የለም። መሪው ወደ አንቺ ሲሳብ ትከሻሽ ከወንበሩ ሳይነሳ እጅሽ መድረስ አለበት። ቀኝ ጉልበትሽ መሃል ላይ ያለውን ኮንሶል የሚያንኳኳ ከሆነ ደግሞ እሱ ጠንካራ ነው ወይስ ለስላሳ? ሞኝ ጥያቄ ይመስላል። በሳምንት 12 ሰዓት አንድ ቦታ ላይ የሚነካሽ ነገር ግን ቀላል አይደለም።

የእህት ልጅ፦ ፕሪየሱ ውስጥ ስገባ ዝቅ ብዬ የተዘረጋሁ መሰለኝ። መስታወቱም ወደ ኋላ በጣም የተኛ ነው።

አጎት፦ አዲሱ እንደዚያ ነው፤ አየሩን ለመቁረጥ ብለው ነው ያስተኙት። ለአንዳንድ ሰው ይስማማል። ለረጅም ሰው ጭንቅላቱ ላይ ይመጣበታል፤ ኋላ ለሚቀመጥ ሰው በተለይ ጣሪያው ዝቅ ይላል።

የእህት ልጅ፦ ኋላ የሚቀመጥ አለ እኮ፣ ጋሼ! አሁን ነው ትዝ ያለኝ። ስታፎርድ የሚኖሩ ሁለት የሥራ ባልደረቦች አሉኝ፤ ከእኔ ጋር በአንድ ሺፍት ነው የሚሠሩት። ለሦስት ሆነን እንሂድ ይሉኛል፤ መኪናዬ አሮጌ ስለሆነ አፍሬ ነው ዝም ያልኩት።

አጎት፦ ይሄንን ነበር መጀመሪያ የምትነግሪኝ! የአይ-95 ኤክስፕረስ ሌን ከ2023 ጀምሮ ፍሬድሪክስበርግ ድረስ ተዘርግቷል። ኢዚ-ፓስ ፍሌክስ የሚባለውን አውጥተሽ ኤችኦቪ ላይ ካደረግሽውና ሦስት ሰው ከሆናችሁ ያለ ክፍያ ነው የምታልፉት። ብቻሽን ከገባሽ ክፍያው እንደ መጨናነቁ ይወጣል ይወርዳል፤ መንገዱ በተዘጋበት ቀን አንዴ የምትከፍይው የሳምንት ነዳጅሽን ሊያህል ይችላል። ስትመለሺ ደግሞ ወደ ደቡብ ያለውን መጨናነቅ ታውቂዋለሽ።

የእህት ልጅ፦ ከቀኑ 8 ሰዓት ተኩል እወጣለሁ፤ አንዳንድ ቀን ቤት ስደርስ 11 ሰዓት ይሆናል።

አጎት፦ እንግዲያው ከሁለት ሰው ጋር ነዳጁን ስትካፈሉ በዓመት 500 ጋሎኑ ለአንድ ሰው 167 ጋሎን ሆነ ማለት ነው። በጋሎን 57 የሚሄድ መኪና ብቻሽን ብትነጂ 439 ነበር። ሰዓቱ ሲጨመርበት ተወዳዳሪ የለውም። ስለዚህ የምትገዢው መኪና የኋላ ወንበሩ ሰው የሚያስቀምጥ መሆን አለበት፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ የሚሳፈር ሰው ደግሞ መተኛት ይፈልጋል። ካምሪና አኮርድ እዚህ ላይ ከፕሪየሱ ይለያሉ። ስትሞክሪው አንቺም ኋላ ተቀመጪ፣ አሥር ደቂቃ ሌላ ሰው ይንዳሽ።

የእህት ልጅ፦ ባቡሩስ? ቪአርኢ ፍሬድሪክስበርግ ይደርሳል።

አጎት፦ ቢመችሽ ደስ ይለኝ ነበር።

የእህት ልጅ፦ ከንጋቱ 12 ሰዓት መግባት አለብኝ። የሌሊቱ የመጀመሪያ ባቡር እንኳ አያደርሰኝም።

አጎት፦ እንግዲያው መኪናው ግድ ነው።

የእህት ልጅ፦ ኤሌክትሪክ ግዢ የሚለኝም አለ። አገር ቤት እንኳ ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ የነዳጅ የቤት መኪና አይገባም፤ ወንድሜ ኤሌክትሪክ ነው የያዘው። አንቺ አሜሪካ ተቀምጠሽ ቤንዚን ትላለሽ ብሎ ይስቅብኛል።

አጎት፦ ወንድምሽ ግቢው ውስጥ ገመድ ሰክቶ ያድራል፤ አንቺስ የት ነው የምትሰኪው? ኪራይ ቤት ነሽ፣ መኪናሽን የምታቆሚው የጋራ ግቢ ላይ ነው። በየሁለት ቀኑ ቻርጀር ፍለጋ ገበያ ማዕከል ቁጭ ልትይ ነው፤ ፈጣኑ ቻርጀር ደግሞ ቤት ካለው መብራት በብዙ ይወደዳል። የፌዴራሉ 7,500 ዶላር የግብር ቅናሽም ከሴፕቴምበር 30 ቀን 2025 በኋላ ቀርቷል። የራስሽ ቤትና ጋራዥ ሲኖርሽ ኤሌክትሪክ ግዢ፤ እኔ ራሴ አብሬሽ እሄዳለሁ። ዛሬ ግን ሃይብሪድ ነው የሚያዋጣሽ።

የእህት ልጅ፦ ባትሪውን ግን እፈራዋለሁ። ሲሞት ሺዎች ያስወጣል ይላሉ።

አጎት፦ ቶዮታ ከ2020 ሞዴል ወዲህ ለሃይብሪድ ባትሪው 10 ዓመት ወይም 150 ሺ ማይል ዋስትና ይሰጣል፣ ቀድሞ የደረሰው። አንቺ ጋ የሚቀድመው ማይሉ ነው፤ 25 ሺ እየነዳሽ በስድስት ዓመት ትጨርሽዋለሽ። ያገለገለ ስትገዢም ዓመቱን ብቻ ሳይሆን ማይሉን ቁጠሪ። ሌላው፣ ባትሪውን የሚያቀዘቅዝ ማራገቢያ አየር የሚስበው ብዙ ጊዜ ከኋላ ወንበር አጠገብ ነው። እዚያ ያለው ማጣሪያ በአቧራና በፀጉር ሲደፈን ባትሪው ይሞቃል፣ ዕድሜው ያጥራል። ታክሲ የምንነዳ ሰዎች እሱን እየከፈትን እንጠርግ ነበር። ተሳፋሪዎችሽ ቦርሳ እንዳያስደግፉበት ንገሪያቸው። ትንሿን ባለ 12 ቮልት ባትሪም አትርሺያት፤ እሷ ከሞተች ትልቁ ሙሉ ሆኖ እንኳ መኪናው አይነሳም።

የእህት ልጅ፦ ሊዝ ብወስድስ? ወርሃዊ ክፍያው ያንሳል።

አጎት፦ ሊዝ ለአንቺ አይሆንም። የሚፈቅዱልሽ በዓመት 10፣ 12፣ ቢበዛ 15 ሺ ማይል ነው። ከዚያ ያለፈውን በማይል ያስከፍሉሻል፤ መጨረሻ ላይ የሚመጣው ደረሰኝ ያስለቅስሻል። ቨርጂኒያ ደግሞ ነዳጅ ቆጣቢ መኪና ሲመዘገብ የሃይዌይ መጠቀሚያ ክፍያ ትጠይቃለች፤ ከ2020 ጀምሮ ያለ ነው። በማይል ክፈይ የሚል አማራጭ ያቀርቡልሻል፤ እሱ ጥቂት ለሚነዳ ሰው ነው፣ አንቺ እለፊው።

የእህት ልጅ፦ ብርድ ሲመጣስ? በጃንዋሪ 2022 ያን በረዶ ያስታውሳሉ፤ ፍሬድሪክስበርግ አካባቢ ሰው አይ-95 ላይ ሙሉ ሌሊት ያደረበትን።

አጎት፦ እንዴት እረሳዋለሁ! ሴናተር ቲም ኬይን ሳይቀሩ 27 ሰዓት መንገድ ላይ ቆዩ። በዚያ ቀን ያሰብኩት ይሄንኑ ነው። በሃይብሪድ ቆመሽ ስታድሪ ሞተሩ ያለማቋረጥ አይሠራም፤ ሙቀት ሲያንስ ይነሳል፣ ሲበቃው ይጠፋል። ነዳጁ ለረጅም ሰዓት ይቆይልሻል። ግን ሁለት ነገር እሺ በይኝ። ከኅዳር እስከ መጋቢት ታንክሽ ከግማሽ በታች አይውረድ። ከቆምሽም የጭስ ማውጫውን በረዶ እንዳይዘጋው እየወጣሽ ጥረጊ፤ ጭሱ ወደ ውስጥ ከተመለሰ ሳታውቂው ይገድላል። ጎማውን በተመለከተም፣ ብዙ ሃይብሪዶች መለዋወጫ ጎማ የላቸውም፤ አየር መሙያና ማሸጊያ ብቻ ነው የሚሰጡት። ሌሊት ስታፎርድ ላይ ጎማሽ ቢቀደድ እሱ አያወጣሽም። ከመፈረምሽ በፊት የኋላውን ወለል አስከፍተሽ እይ፤ ከሌለ የመጎተቻ አገልግሎት ያዢ።

የእህት ልጅ፦ ርቀቱን ጠብቆ የሚከተለው፣ በመስመር የሚይዘው ነገርስ? ያስፈልገኛል?

አጎት፦ ለአንቺ የግድ ነው። ደግነቱ አዳዲሶቹ ላይ ከርካሹ ጀምሮ አለ። ፊት ያለው ሲቆም የሚቆም፣ ሲሄድ የሚሄድ ዓይነቱን ያዢ፤ ቀኝ እግርሽ ያርፋል። ግን እሱ እንቅልፍሽን አይነዳልሽም። ከሥራ በኋላ ዓይንሽ ከከበደሽ ውጪና ማረፊያው ላይ ሃያ ደቂቃ ተኚ። እናትሽን ምን ብዬ ነው የማያት?

የእህት ልጅ፦ እሺ ጋሼ። እንግዲህ ካምሪ ኤልኢን፣ አኮርድ ኢኤክስ-ኤልን፣ ሶናታውን እሞክራለሁ። ፕሪየሱንም አልተውኩትም።

አጎት፦ አትተይው። ወንበሩ ከተስማማሽና ባልደረቦችሽ ኋላ ከተመቻቸው 61 ጋሎኑን ውሰጂ፣ ማን ይጠላል። የካምሪና የፕሪየስ መነሻ ዋጋም ይቀራረባል። ብቻ ሻጩ ሕንፃውን አዙሮ ሊመልስሽ ሲል እሺ አትበይ። አይ-95 ላይ በ130 ኤግዚት ገብተሽ በ143 ውጪ፣ ተመለሽ። 26 ማይል ነው። በ65 ስትሄጂ ሬዲዮውን አጥፊና ስሚ፤ ጎማው ይጮኻል? ነፋሱ መስታወቱ ጋ ያፏጫል? ወደ ሃይዌዩ ስትገቢ ነዳጅ በደንብ ስጪው፣ ሞተሩ ሲያጓራ የሚያስጠላሽ ከሆነ በየቀኑ ነው የምትሰሚው።

የእህት ልጅ፦ ይሄን ያህል አንፈቅድም ካሉኝስ?

አጎት፦ ሌላ ዲለር አለ። ካልሆነም ያንኑ ሞዴል ለአንድ ቀን ተከራይተሽ ሥራ ሂጂበት። ለስንት ዓመት ለምትይዢው ነገር የአንድ ቀን ኪራይ ምን አላት።

የእህት ልጅ፦ ቅዳሜ ጠዋት አብረውኝ ይመጣሉ?

አጎት፦ ቅዳሜ አይሆንም። ቅዳሜ ጠዋት ተኝተሽ ጠግበሽ ትመጫለሽ፤ ያኔ የትኛውም ወንበር ይመችሻል። ማክሰኞ ከሥራ ስትወጪ፣ ደክሞሽ፣ ወገብሽ መናገር ከጀመረ በኋላ እንሂድ። ባልደረቦችሽንም ይዘሻቸው ነይ።